ሁ ታኦን ማስታጠቅ፦ ትልቁ ቁጥር ለምን አያሸንፍም?

ባለፈው እሑድ የእህቴ ልጅ ስልኩን ይዞ አጠገቤ ተቀመጠ። ፊቱ ጥሩ አልነበረም።

«አጎቴ፣ እስቲ ይቺን እያት። ክሪት ዳሜጇ 245 ነው። የጓደኛዬ 183 ብቻ ነው። ታዲያ የሱ ለምን ከኔ ቶሎ ትጨርሳለች?»

ልጁ የሚጫወተው ገንሺን ኢምፓክትን ነው። ካራክተሯ ሁ ታኦ ትባላለች። ብዙ ተጫዋች፣ ትልልቁም ጭምር፣ እዚችው ቦታ ላይ ነው የሚሰናከለው። ወራት የለፋበትን ትጥቅ ያለብሳታል። ቁጥሩ ያድጋል፣ ጠላት ግን አይወድቅም። አንዳንዱ ተስፋ ሲቆርጥ ኪሱን መዳበስ ይጀምራል። ይህ ግን አንድ ብር ሳይወጣበት የሚፈታ ነገር ነው። የሚያስፈልገው ትንሽ ማባዛትና መደመር ብቻ ነው።

ጌሙን ለማያውቁ በአጭሩ ልንገራችሁ። ገንሺን ኢምፓክትን የሠራው ሚሆዮ የተባለው የቻይና ኩባንያ ነው። የወጣው እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 28 ቀን 2020 ነው። በነጻ ይወርዳል፣ በስልክም በኮምፒውተርም ይሠራል። አራት ካራክተሮች ይዛችሁ፣ አንዱን በሌላው እየቀያየራችሁ ትዋጋላችሁ። ሁ ታኦ የመጣችው በማርች 2021 ነው። በጌሙ ታሪክ ውስጥ የአንድ ቀብር አስፈጻሚ ድርጅት 77ኛ ዳይሬክተር ናት። ጦር ትይዛለች፣ በእሳት ትመታለች። እስከ ዛሬ ድረስ እሷን የሚወዳት ብዙ ነው።

አርቲፋክት ምንድን ነው?

አርቲፋክት ማለት ካራክተሩ የሚለብሰው ትጥቅ ነው። አምስት ዓይነት አለ፤ አበባ፣ ላባ፣ የአሸዋ ሰዓት፣ ጽዋ እና አክሊል። እያንዳንዱ አንድ ዋና ስታት አለው። ከሥሩ ደግሞ እስከ አራት የሚደርሱ ትንንሽ ስታቶች አሉት። ስታት ስንል የካራክተሩን ጉልበት የሚለካ ቁጥር ማለታችን ነው፤ ደም (የሕይወቱ መጠን)፣ አታክ (የማጥቃት ጉልበቱ)፣ መከላከያ፣ ክሪት፣ ወዘተ።

አበባ ምንጊዜም ደም ነው የሚሰጠው። ላባ ምንጊዜም አታክ ነው። እዚያ ላይ ምርጫ የለም። ምርጫው ያለው በቀሩት ሦስቱ ላይ ነው። አብዛኛው ስህተትም የሚፈጠረው እነዚሁ ሦስቱ ላይ ነው።

ባለ አምስት ኮከብ አርቲፋክት እስከ ደረጃ 20 ያድጋል። በየአራት ደረጃው ከትንንሾቹ ስታቶች አንዱ ከፍ ይላል። የትኛው ከፍ እንደሚል ግን እናንተ አትመርጡም፣ ዕጣ ነው። በአራት ትንንሽ ስታት የጀመረ ዕቃ አምስት ዕጣ አለው። በሦስት የጀመረ ከሆነ የመጀመሪያው ዕጣ አራተኛውን ለመክፈት ስለሚውል አራት ይቀሩታል።

አጥቂ ሆና ሳለ ለምን ደም ትጨምራለች?

«አታክ የሚል ካለ እሱን ልበስ» የሚለው ምክር ለብዙ ካራክተር ይሠራል። ለሁ ታኦ ግን አይሠራም። ምክንያቱ ስኪሏ ማለትም ልዩ ችሎታዋ ላይ ተጽፏል።

ስኪሏን ስትጠቀም በዚያች ቅጽበት ካላት ደም 30 በመቶውን ትከፍላለች። በምትኩ የሙሉ ደሟ የተወሰነ መቶኛ ወደ አታክ ይቀየርላታል። ስኪሉ ደረጃ 10 ሲሆን ይህ መቶኛ 6.26 ነው። ማለትም 33,000 ደም ያላት ሁ ታኦ ስኪሉን ስትጫን 2,066 አታክ ታገኛለች። ይህ አታክ በካራክተሩ ገጽ ላይ አይታይም። የሚመጣው ውጊያ ውስጥ ነው፣ ለ9 ሰከንድ። ልጆች ገጹን አይተው «አታኳ ትንሽ ነው» ብለው የሚደነግጡት ለዚህ ነው።

እስቲ የአሸዋ ሰዓቱን ሁለት ምርጫዎች እናወዳድር። ሁለቱም እስከ መጨረሻ ሲያድጉ 46.6 በመቶ ይሰጣሉ። አንዱ በአታክ፣ አንዱ በደም። ሁ ታኦ ደረጃ 90 ላይ መሠረታዊ ደሟ 15,552 ነው። የደም ሰዓቱ ወደ 7,250 ደም ይጨምራል። በስኪሉ ሲሰላ ይህ 454 ገደማ አታክ ይሆናል። ድራጎንስ ቤን የተባለውን ባለ አራት ኮከብ ጦር ይዛለች እንበል። የእሷና የጦሩ መሠረታዊ አታክ ተደምሮ 560 ነው። የዚህ 46.6 በመቶ 261 ብቻ ነው።

ስለዚህ 261 ወይስ 454? ሁለቱ ሰዓቶች ላይ የተጻፈው ቁጥር አንድ ነው፣ ውጤቱ ግን ከአንድ ተኩል እጥፍ በላይ ይለያያል። ስታፍ ኦፍ ሆማ የተባለውን ጦር ከያዘችና ደሟ ከግማሽ በታች ከሆነ ልዩነቱ ይሰፋል፤ ያ ጦር ራሱም ከደሟ እየቀነጨበ አታክ ይሰጣታል።

የመቶኛ ምልክቷንም እንዳታልፏት። ከትንንሾቹ ስታቶች መሃል «ደም 299» እና «ደም 5.8%» የሚሉ ታገኛላችሁ። ሁለቱም የየራሳቸው አንድ ሙሉ ዕጣ ናቸው። የ15,552 ደም 5.8 በመቶ ግን 902 ነው። ሦስት እጥፍ ማለት ነው! 299 የምትለዋ ትልቅ ትመስላለች እንጂ አይደለችም።

ክሪት ምንድን ነው? ልጁስ የት ተሳሳተ?

ክሪት ማለት አንዳንድ ምት ከተለመደው በላይ አክርሮ ሲያርፍ ነው። ሁለት ስታቶች ይወስኑታል። ክሪት ሬት ምቱ ስንት ጊዜ ክሪት እንደሚሆን ይናገራል። ክሪት ዳሜጅ ደግሞ ሲሆን ምን ያህል እንደሚጨምር።

ሎተሪ አስቡ። ክሪት ሬት ማለት ዕጣው የሚወጣላችሁ ድግግሞሽ ነው። ክሪት ዳሜጅ የሽልማቱ ብር ነው። ሽልማቱ ሚሊዮን ቢሆን፣ ዕጣው ካልወጣ ቤታችሁ የሚገባ ነገር የለም።

ማንኛውም ካራክተር ሲጀምር 5 በመቶ ሬት እና 50 በመቶ ዳሜጅ አለው። ሁ ታኦ ስታድግ በተፈጥሮዋ 38.4 በመቶ ክሪት ዳሜጅ ይጨመርላታል። ሆማ ደግሞ 66.2 ይሰጣታል። ያለ አንዳች አርቲፋክት 154.6 በመቶ ክሪት ዳሜጅ አላት ማለት ነው። ሬቷ ግን ያው 5 ላይ ቆሟል።

የእህቴ ልጅ ይህን ሳያይ ነው ክሪት ዳሜጅ ያለበትን አክሊል ያደረገላት። 62.2 በመቶ የሚል ቁጥር ማርኮት። የክሪት ሬት አክሊል 31.1 ብቻ ነው የሚለው፣ ግማሹ። ስለዚህ ናቀው። ትንንሾቹ ስታቶች ከተጨመሩ በኋላ የእሱ ሁ ታኦ 12 በመቶ ሬት፣ 245 በመቶ ዳሜጅ ይዛ ቁጭ አለች።

አብረን አሰላነው። ያለ ክሪት አንዱ ምት 10,000 ነው እንበል። መቶ ጊዜ ትምታ። ከመቶው 12ቱ ክሪት ይሆናሉ፣ እያንዳንዳቸው 34,500። የቀሩት 88 ምቶች ያው 10,000። ድምሩ 1,294,000 ይመጣል።

አሁን አክሊሉን ብቻ እንቀይር። ሬት 43 ይሆናል፣ ዳሜጅ ወደ 183 ይወርዳል። 43 ምቶች 28,300 ይመታሉ፣ 57ቱ 10,000። ድምሩ 1,786,900። ከሠላሳ ስምንት በመቶ የማያንስ ጭማሪ፣ በአንድ ዕቃ ቅያሬ! ልጁ ካልኩሌተሩን ሁለት ጊዜ ደገመው።

ጓደኛው የበለጠው በዚህ ነው። ስክሪን ላይ አልፎ አልፎ ብልጭ የምትለው ትልቋ ቁጥር የእህቴ ልጅ ነበረች። ጠላትን የሚጥለው ግን የሁሉም ምት ድምር ነው።

«1 ለ 2» የሚባለው ከየት መጣ?

ተጫዋቾች ሬትና ዳሜጅ 1 ለ 2 ይሁኑ ይላሉ። 50 በ100፣ 60 በ120፣ እንዲህ እያለ። ይህ ዝም ብሎ የመጣ ልማድ አይደለም። አርቲፋክት ላይ አንድ ዕጣ ቢበዛ 3.9 ሬት ወይም 7.8 ዳሜጅ ይሰጣል። ጌሙ ራሱ አንዱን ሬት በሁለት ዳሜጅ ዋጋ ነው የሚሸጥላችሁ።

ነገሩ እንደ ጓሮ አጥር ነው። ሃያ ሜትር ሽቦ አላችሁ እንበል። አንድ በዘጠኝ አድርጋችሁ ብታጥሩ ዘጠኝ ካሬ ሜትር ታገኛላችሁ። አምስት በአምስት ካደረጋችሁት ሃያ አምስት። ሽቦው ያው ነው። ሬትና ዳሜጅም እንደ ቁመትና ወርድ ስለሚባዙ፣ አንዱ ብቻ ሲረዝም መሬቱ ይጠባል። 50 በ100 በአማካይ ምታችሁን 1.5 እጥፍ ያደርገዋል። በዚያው ወጪ 30 በ140 ብታደርጉት 1.42 ነው። 70 በ60 ብታደርጉትም ያው 1.42 ነው።

ደግሞም ቁጥሩን እንደ ሕግ አትያዙት። 55 በ130 ያላት ሁ ታኦ ምንም አልጎደለባትም። ጉዳት የሚመጣው እንደ 12 በ245 ያለ ሲሆን ነው።

ጥሩ ነገር ከሆነ ለምን ሁሌም አልጨምርም?

የወጥ ጨው ነው መልሱ። የመጀመሪያዋ ቁንጥር ወጡን ትለውጠዋለች። አምስተኛዋ ግን እንደዚያ አትሆንም።

ዳሜጅ የሚሰላው በማባዛት ነው። አታክ፣ የእሳት ዳሜጅ ጭማሪ፣ ክሪት፣ እሳትና ውኃ ሲገናኙ የሚፈጠረው ምላሽ፤ እነዚህ እርስ በርስ ይባዛሉ። አንድ ዓይነት የሆኑት ግን መጀመሪያ ይደመራሉ። የእሳት ጽዋ 46.6 በመቶ ጭማሪ ይሰጣል። ሌላ የእሳት ጭማሪ የሌለው ካራክተር ላይ ይህ ሙሉ 46.6 በመቶ ነው። ሁ ታኦ ግን ደሟ ግማሽና ከዚያ በታች ሲሆን በራሷ 33 በመቶ የእሳት ጭማሪ ታገኛለች። ክሪምሰን ዊች የሚባለውን የአርቲፋክት ስብስብ አራቱን ከለበሰች፣ ስኪሏን አንዴ ስትጠቀም 22.5 ይደርሳል። ስለዚህ ጽዋው ሲመጣ 155.5 የነበረው 202.1 ይሆናል። ይህ የ30 በመቶ ዕድገት ነው። አሁንም በጣም ጥሩ ነው፣ ከጽዋዎች ሁሉ ምርጫዬ እሱ ነው። ግን 46.6 አይደለም።

ትጥቅ ከመቀየራችሁ በፊት መጠየቅ ያለባችሁም «ምን ይብዛላት?» ሳይሆን «ምን ጎደላት?» ብላችሁ ነው። አንዱ ካራክተር ላይ ወርቅ የሆነ ዕቃ ሌላው ላይ ብረት የሚሆነው ለዚህ ነው።

(ስለ ደሟ ካነሳን፦ ሁ ታኦን በየደቂቃው የሚያክም ካራክተር አጠገቧ አታስቀምጡ። 33 በመቶዋን እየቀማችኋት ነው። ብዙ ሰው ዦንግሊ የተባለውን ባለ ጋሻ ካራክተር ከጎኗ የሚያሰልፈው ጋሻው ሳያክማት ስለሚጠብቃት ነው።)

እሳትና ውኃ ሲገናኙስ?

ጠላቱ ላይ ውኃ ካለና በእሳት ከመታችሁት፣ ምቱ በ1.5 ይባዛል። ቬፖራይዝ ይባላል፤ እንፋሎት ማድረግ እንደ ማለት ነው። ኤለመንታል ማስተሪ የተባለው ስታት ይህን ምላሽ ያጠነክራል። 100 ማስተሪ ምላሹን በ18.5 በመቶ ገደማ ያሳድገዋል። 200 ሲሆን 34.8 ገደማ ነው። እንደምታዩት እጥፍ አልሆነም። እዚህም ጨው ነው።

ድራጎንስ ቤን ብቻውን 221 ማስተሪ ይሰጣል። እሱን የያዘች ሁ ታኦ የማስተሪ ሰዓት አያስፈልጋትም፣ የደሙን ትልበስ። ሆማ የያዘችና ማስተሪ አጠገቧ ያልደረሰ ከሆነ ግን የማስተሪ ሰዓትም አያሳፍርም። ሁለቱን እያፈራረቃችሁ ሞክሩ።

ይህ ሁሉ የሚሠራው ግን ጠላቱ ላይ ውኃ ካለ ብቻ ነው። ውኃውን የሚያመጣው ብዙ ጊዜ ሺንግቺዩ የተባለው የውኃ ካራክተር ነው። ትልቁ ችሎታው 80 ኢነርጂ ይፈልጋል፣ ለ15 ሰከንድ ይዘንባል፣ በየ20 ሰከንዱ ዝግጁ ይሆናል። ኢነርጂው በጊዜ ካልሞላለት ዝናብ የለም። ዝናብ ከሌለ የሁ ታኦ 1.5 የለም፣ የለፋችሁበት ማስተሪም ሥራ ፈት ይሆናል። አንዳንዴ የአጥቂዋ ድካም የሚታከመው ጓደኛዋ ላይ ኢነርጂ ሪቻርጅ (ኢነርጂን ቶሎ የሚያስሞላውን ስታት) በመጨመር ነው። ይህን የሚያስተውል በጣም ጥቂት ነው።

ታዲያ ጥሩ ዕቃ ለማግኘት ስንት ቀን ይፈጃል?

አርቲፋክት የሚገኘው ዶሜይን ከሚባሉ የውጊያ ቦታዎች ነው። አንድ ጊዜ ለመግባት 20 ሬዚን ትከፍላላችሁ። ሬዚን በየ8 ደቂቃው አንድ ይሞላል፣ በቀን 180። ስለዚህ በቀን ዘጠኝ ጊዜ ትገባላችሁ። አድቬንቸር ራንካችሁ (የተጫዋችነት ደረጃችሁ) 45 ከደረሰ፣ በእያንዳንዱ መግባት ቢያንስ አንድ ባለ አምስት ኮከብ አለ።

የክሪምሰን ዊችን የእሳት ጽዋ ፈለጋችሁ እንበል። ዶሜይኑ ሁለት ስብስብ ስለሚያወጣ የናንተ የመሆን ዕድሉ ግማሽ ነው። ከአምስቱ ዓይነት ጽዋ የመሆኑ ዕድል አንድ አምስተኛ ነው። ጽዋው እሳት የመሆኑ ዕድል 5 በመቶ ነው። አባዙት፤ ከ200 አንድ። በቀን ዘጠኝ ብትገቡ በአማካይ ሦስት ሳምንት ይወስዳል። ትንንሾቹ ስታቶች ምን እንደሚሆኑ ገና አልተነጋገርንም።

ግን መውጫ አለ። የስብስቡ ሙሉ ጥቅም የሚገኘው በአራት ዕቃ ነው። የምትለብሱት አምስት ነው። አንዱ ከየትም ሊመጣ ይችላል! ጽዋውን ከማንኛውም ስብስብ ውሰዱ፤ ዕድላችሁ ከ100 አንድ ይሆናል፤ የትም ዶሜይን ብትገቡ ደግሞ እየተጠራቀመ ነው። ሦስት የማትፈልጓቸውን ባለ አምስት ኮከብ ዕቃዎች በአንድ የመረጣችሁት ስብስብ ዕቃ መቀየርም ይቻላል። ከ2024ቱ ቨርዥን 5.0 ጀምሮ ደግሞ ሳንክቲፋይንግ ኤሊክሰር የሚባል ነገር አለ። ስብስቡን፣ ዓይነቱን፣ ዋናውን ስታትና ሁለት ትንንሽ ስታቶችን ራሳችሁ መርጣችሁ ታሠሩበታላችሁ። በቁጥር ስለሚሰጥ አታባክኑት። ቢቻል ለጽዋ አስቀምጡት።

ያገኛችሁትን ዕቃ በአንድ ትንፋሽ ወደ 20 አትውሰዱት። ወደ 4፣ ከዚያ ወደ 8 አድርሱትና ዕጣው የት እንደወደቀ እዩ። ሁለቱም ዕጣ የማይረባ ስታት ላይ ከወደቀ እዚያው ተዉት። ለሌላ ማሳደጊያ ስታውሉት ካፈሰሳችሁበት ልምድ 80 በመቶው ይመለሳል። አምስቱም ዕጣ አንድ የምትፈልጉት ስታት ላይ ይወድቃል ብላችሁ ከሆነ የምትጠብቁት፣ ከ1,024 አንድ ጊዜ ነው የሚሆነው። ፍጹም የሆነውን ስትጠብቁ ደህናውን ከጣላችሁ፣ ወሩ ባዶ ያልፋል።

ከሁሉ በፊት ምን ላድርግ?

ዕጣ የሌለባቸውን ነገሮች ጨርሱ። ይህን ምክር ከልቤ ነው የምሰጠው። የሁ ታኦ ስኪል ደረጃ 1 ላይ ከደሟ 3.84 በመቶ ነው የሚቀይረው። በ33,000 ደም 1,267 አታክ። ደረጃ 10 ላይ 2,066 ነው ብለናል። ይህ 800 ገደማ አታክ ነው። ማቴሪያሉን ከሰበሰባችሁ ያለ ጥርጥር ታገኙታላችሁ፣ ዕድል የለበትም። የጦሩን ደረጃም እንደዚያው። ስንቱ ልጅ ስኪሉን ደረጃ 6 ላይ ትቶ አርቲፋክት ፍለጋ ሬዚኑን ይጨርሳል!

ከዚያ ዋና ዋናዎቹን ስታቶች አስተካክሉ፤ የደም ሰዓት፣ የእሳት ጽዋ፣ የክሪት ሬት አክሊል። ከዚያ ሬቱን ተመልከቱ። ትንንሾቹን ስታቶች ማሳመር የመጨረሻው ሥራ ነው፣ ሲደርስ የሚደርስ።

የእህቴ ልጅ ስኪል ደረጃ 6 ነበር። ሺንግቺዩም ኢነርጂ አጥሮት ነበር። አክሊሉ ግን ይበልጥ አሳዘነኝ። ቦርሳውን ስንፈትሽ የክሪት ሬት አክሊል ተገኘ፣ ደረጃ 0፣ ለሌላ ዕቃ ማሳደጊያ ሊሆን ከተመረጡት መሃል። «31.1 ብቻ ነው የሚሰጠው ብዬ እኮ ነው» አለኝ። ከመሃላቸው አወጣው፣ ወደ 20 አሳደገው፣ አለበሳት።

ከዚያ ያንኑ ጭራቅ ገጠመ። ምንም አላለኝም። ሲጨርስ ግን አክሊሉን ከፍቶ የቁልፏን ምልክት ተጫናት።